ርዕሰ አንቀጽ፦ ከቀለሙ በፊት ወለሉ



ቤቱን ለማከራየት ወይም ለመሸጥ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው ሳሎኑን ቀለም ለመቀባት ነው። ተከራዩ ግን ሳሎኑን አይቶ ሲያበቃ «እስቲ ጓሮውን አሳዩኝ» ይላል። በበሰበሰ አጠና ላይ የቆመ ሽንት ቤት ካየ ነገሩ አለቀ፤ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ የሄደ አይመለስም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቤታችን ሽንት ቤት እንድንቆፍር አስተምሮናል። ነገር ግን የእኛ አገር ዝናብ የእንጨት ወለል አያበረክትም፤ ጉድጓዱንም ይንዳል። እንግዲህ ጉዳዩ የኪራይ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ወለል ላይ ሌሊት የሚቆመው ልጃችን ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ሴራሚኩን ለጊዜው ይተወውና ወለሉን ያስቀድም። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ተቦክቶ፣ ብረት ገብቶበት፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይሠራል። ቢያንስ 7 ቀን ውኃ እየጠጣ ከቆየ በኋላ በደቦ አንሥቶ መግጠም ነው። የጉድጓዱ አፍ በድንጋይ ተገንብቶ ከመሬት ከፍ ካለ ጎርፍ አይገባበትም።

ሁለተኛ፣ የገላ መታጠቢያ ውኃ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ አይግባ፤ ቶሎ ይሞላዋል፣ አፈሩንም ያርሰዋል። የመታጠቢያው ወለል በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅና ውኃው ድንጋይ ወደ ተሞላ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ይውረድ። ሁለቱም ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ።

ሦስተኛው የአየር ማውጫ ቱቦ ነው። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀየሰ ቀላል ዘዴ ነው። በቱቦው አፍ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ሽታውን ስቦ ያወጣል፤ ብርሃን ተከትላ የወጣችውን ዝንብ ደግሞ ጫፉ ላይ የታሰረው ወንፊት ያስቀራታል። ቱቦው ከጣሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ውስጡ ጨለምለም ይበል፤ አየር እንዲገባም ቀዳዳው አይከደን።

ጊዜው ቡና ተሸጦ እጃችን ገንዘብ የሚይዝበት በጋ ነው። ክረምት ከገባ መሬቱም አያስቆፍርም፣ ሲሚንቶውም በዝናብ ይታጠባል። አቅም የሌላቸውን አዛውንቶችና ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችን ደግሞ በየሰፈራችን ተራ ገብተን እናግዝ። ለለቅሶ የሚያሰባስበን ጉልበት ለዚህም አያንስም።