ግብሩ ሲሰበሰብ አንድ ነን፤ ሲከፋፈልስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በ2005 ዓ.ም. ክረምት፣ የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በተከፈተ ሰሞን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ባልና ሚስት ወደ መድረሳችን መጡ። ልጆቻቸው እኛ ዘንድ ይቀራሉ። እሱ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል፤ እሷ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይረዋል። አከራይ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፤ ልጆቹም በሄዱበት ሠፈር አዲስ ኡስታዝ ፊት እንደገና ከአሊፍ ይጀምራሉ። እኛ ዘንድ የመጡትም እንዲሁ ከሌላ ሠፈር ተነቅለው ነው።

ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ "ኡስታዞች፣ እንመዝገብ ወይስ እንተው?" እሷ "ልጆቼ አንድ ጣሪያ ሥር ይደጉልኝ" አለች። እሱ "ቤቱ ከወለድ ብድር ጋር ነው የሚመጣው፤ አላህ የከለከለውን ፈርሜ ቁልፍ ልቀበል?" አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ሦስት አስተማሪዎች እርስ በርስ ተያየንና "ሰብር አድርጉ፣ አላህ ይከፍትላችኋል" አልናቸው። "አሚን" ብለው ሄዱ።

ያ መልሳችን እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። ሰብር የታዘዝንበት ነገር ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን አላህ በሚያመጣው ፈተና መታገሥ ሌላ ነው፤ ሰው የዘጋውን በር እያዩ ዝም ማለት ሌላ ነው። ለእነዚያ ባልና ሚስት ያን ምሽት ያልነገርናቸውን ዛሬ ለጀመዓው ልንናገር ወደድን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ግብር ሲሰበሰብ ማንም ሃይማኖታችንን አይጠይቀንም። የሱቅ ባለቤቱ ሙስሊም ግብሩን ይከፍላል። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ሳሙናና ደብተር የሚገዛው ደሃ ሳይቀር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ፣ ማለትም 25 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ቁጥራችን ከዚህ ይበልጣል የምንል ብዙዎች ነን፤ ያንን ለጊዜው እንተወውና በመንግሥት ቁጥር ብቻ እንነጋገር። ከሦስት ዜጋ አንዱ ማለት ነው። ይህ ሕዝብ ከፍሎ የሚሠራ ነገር በር ላይ ሲደርስ "እምነትህን አስቀምጠህ ግባ" ከተባለ ድርሻው የት አለ?

የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን እንመልከት። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገንቢው የከተማው አስተዳደር ነው። ለግንባታው ገንዘብ ያቀርብ የነበረው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲሆን፣ እሱም የመንግሥት ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሕዝብ ሀብት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ የተመዘገበ ሰው በወር 274 ብር እየቆጠበ ይጠብቅ ነበር። በቁጠባው ላይ የሚታሰበውን ወለድ "አልፈልግም" ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ዕጣ ሲወጣለት ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶው የባንክ ብድር ይሆን ነበር። ብድሩ ደግሞ ወለድ ነበረው። በ40/60ም በ10/90ም መንገዱ ያው ነበር፤ የብድሩ መጠን ግን ይለያይ ነበር። ወለድ መክፈል ከእምነቱ ጋር የሚጋጭበት ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ቤቱን ወይ ዲኑን።

እዚህ ላይ የሚመለስልን መልስ ይታወቃል። "መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥት ለአንድ ሃይማኖት ብሎ የተለየ አሠራር አያበጅም" ይሉናል። እኛም መለያየታቸውን እንፈልጋለን፤ ለዓመታት በየመስጂዱ ተሰብስበን ስንጠይቅ የቆየነው ይህንኑ አንቀጽ 11ን ነው። መንግሥት ዲናችንን ፋይናንስ ያድርግልን አላልንም። የምንለው ሌላ ነው፤ ቤቱን የሠራው ራሱ መንግሥት ከሆነ ሻጩም ራሱ ነው። ሻጭ ደግሞ ዕቃውን በብድር ብቻ ሳይሆን በዱቤም መሸጥ ይችላል። መርካቶ ውስጥ በየቀኑ የሚሠራ ነገር ነው።

ለምሳሌ በቁጥር እናስቀምጠው። አንድ ቤት በእጅ በእጅ 200 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። አስተዳደሩ "በረጅም ጊዜ ለሚከፍል ዋጋው 240 ሺህ ብር ነው፤ ከዚህ አይጨምርም፣ አይቀንስም" ብሎ ይሸጥ። ገዢው 40 ሺህ ብር ቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን 200 ሺህ በወር አንድ አንድ ሺህ ብር በ200 ወር ይጨርሳል። ዋጋው በውሉ ቀን የታወቀ ነው። ገዢው ቢታመምና አንድ ወር ቢዘገይ ዕዳው አይፋፋም። መንግሥትም አይከስርም፤ ሥራውን የሚያንቀሳቅስበትን ትርፍ አግኝቷል። ይህ በፊቅህ የታወቀ ሽያጭ ነው፤ አላህ ንግድን ፈቅዶ ወለድን እርም አድርጓል ስንል ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ይህን ውል የሚመርጥ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ካለ በደስታ ይግባበት። የምንጠይቀው ለሙስሊም ብቻ የሚከፈት በር አይደለም፤ ለማንኛውም ዜጋ አንድ ተጨማሪ የውል ምርጫ ነው።

የባንኩም ነገር እንዲሁ ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲኖር መንገድ ከፍቶ ነበር። በዚህ ተስፋ ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም የተነሱ ወገኖች አክሲዮን ሸጡ፤ ብዙ ሙስሊም ከመቀነቱ ፈትቶ ገዛ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን አገልግሎቱ በነባሮቹ ባንኮች ውስጥ በ"መስኮት" ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ቆመ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ባንኮች መስኮቱን መክፈት ጀመሩ። አልሐምዱሊላህ፣ ጅምሩን አንጠላም። ነገር ግን ቤት ያለው በር እንጂ መስኮት ብቻ አይደለም፤ በመስኮት የሚገባ ሰው ደግሞ በባለቤትነት አይቆጠርም።

እስከዚያው ምን ሆነ? ብዙዎቻችን ገንዘባችንን ለጥበቃ ብለን ባንክ እናስቀምጣለን፤ ወለዱን አንወስድም። ያ ገንዘብ ግን ተኝቶ አያድርም። ባንኩ ለሌላ ያበድረዋል፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ ያህሉን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ ግዢ እንዲያውሉ ታዘው ለመንግሥት ትላልቅ ሥራዎች ይሄድ ነበር። ገንዘባችን ሲገባ ሰፊ በር ነበረው፤ ለልብስ ስፌት መኪና ወይም ለጫማ መሥሪያ ማሽን ብድር ስንፈልግ ግን ወጥቶ ወደ እኛ የሚመጣበት በር አልነበረውም። ባንክ አልሄድም ብሎ ቤቱ የሚያስቀምጠውም አልተረፈም። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ዋጋ በአንድ ዓመት 40 በመቶ ገደማ በናረበት ጊዜ ትራስ ሥር የነበረ ብር ምን እንደሆነ እናቶቻችን ይንገሩን። የቀረልን እቁብ ነበር። እቁብ ወለድ የለውም፣ መተማመን አለው፤ ግን በእቁብ ዕቃ ይገዛል እንጂ ፋብሪካ አይቆምም።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል እንይ። "በጀት አይበቃም፣ አቅም የለም" ሲባል እንሰማለን። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና በየክልሉ የቀጠለው "ሥልጠና" ግን አዳራሽ አላጣም። ለትምህርት የተሠራ ግቢ አንድን አመለካከት በሙስሊሙ ላይ ለመጫን ዋለ። መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን ብለን ስንለምን በቀበሌ ተደረገ። የቀበሌ አዳራሽ፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ የቀበሌ ወረቀት የማን ነው? የግብር ከፋዩ ነው። ለዚህ ሁሉ ስንት ወጣ? ከየትኛው በጀት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ስለሚል ይህን መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ጥያቄያችንን ይዘው የሄዱ ኮሚቴዎቻችን ግን ታሰሩ።

መንግሥት ማድረግ የሌለበትን ለማድረግ ገንዘብ ካገኘ፣ ማድረግ ያለበትን ለማድረግ ያጣው ገንዘብ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ነው። ምን ማመን እንዳለብን ማስተማር ሥራው አይደለም። አንቀጽ 90 ግን የሀገር አቅም በፈቀደ መጠን ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውኃና መኖሪያ ቤት እንዲያዳርስ ያዘዋል። አንቀጽ 89 ደግሞ ዜጎች ኑሯቸውን ለማሻሻል እኩል ዕድል እንዲያገኙ ያዘዋል። የእምነት ነፃነትና የዳቦ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች የሚመስሉት ሰው ካለ፣ ያንን የታክሲ ሹፌር ይጠይቀው። ለእሱ ነፃነት ማለት ዲኑን ሳይሸጥ ቤት ማግኘት ነው።

ስለ ሌላው ስንናገር የራሳችንንም ጉድ አንሸፍን። ባለፈው ዓመት ለመድረሳችን ጣሪያ ከጀመዓው ገንዘብ ሰበሰብን። ቆርቆሮው ተመታ፣ ልጆቹ ከዝናብ ዳኑ፤ ሂሳቡን ግን ሳናነብ ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ጠጋ ብለው "ልጆቼ፣ አልጠረጠርኳችሁም፤ ግን የሰጠሁት ለአላህ ብዬ ነውና ሂሳቡን ብሰማ ደስ ይለኛል" አሉን። ፊታችን ጠቆረ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ከሕዝብ የተከፋፈለ ጨርቅ እንዴት ለሁለት ልብስ እንደበቃቸው በጀመዓ ፊት ተጠይቀው፣ ልጃቸውን ምስክር አቁመው እንደመለሱ ለልጆች የምናስተምር እኛ ነን! በሚቀጥለው ጁምዓ ደረሰኞቹን ይዘን ቆመን አነበብን። የተረፈችውን ትንሽ ገንዘብም አሳወቅን። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ሰው ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ዘካችንም እንዲሁ ነው። አላህ ዘካን ለስምንት ወገኖች ለይቶ ሲያዝ የሕዝብ ገንዘብ በሰብሳቢው ስሜት እንደማይከፋፈል አስተምሮናል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ በረመዷን በራችን ላይ ለተሰለፈ ሰው ሳንቲም በመበተን እንጨርሰዋለን፤ አንድ ባለ ዕዳ ነፃ አይወጣበትም፣ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሥራ አትጀምርበትም። መንግሥትን ስለ ቅደም ተከተል የምንጠይቅ ከሆነ የራሳችንን ቅደም ተከተል እናስተካክል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ በየመስጂዱ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁሉ ሂሳቡ ለጀመዓው ይነበብ፤ ጠያቂ የሚከበረው ራሱ ተጠያቂ ሲሆን ነው። ሁለተኛ፣ ለቤትና ለሥራ መነሻ የሚሆን እቁብ በየመስጂዱ እናቋቁም፤ የዘካ ገንዘብ ግን ከእቁብ ጋር አይቀላቀል፣ ለተፈቀደላቸው ይድረስ። ሦስተኛ፣ ቤቶቹ ያለ ወለድ በታወቀ ዋጋ በዱቤ እንዲሸጡ በፊርማ፣ በደብዳቤ፣ በተገኘው ስብሰባ ሁሉ በሰላም እንጠይቅ። በስድብ አይደለም፣ በድንጋይም አይደለም።

አንድ አደራ ግን አለን። በዚያ ክረምት የተመዘገበ ወንድምም ሆነ እህት ካለ በመስጂድ ደጃፍ አንጎነታትለው። ምን ያህል እንደተቸገረ አላህ ያውቃል፤ የሊቃውንቱን አስተያየት ጠይቆ ይሆናል። እኛ የምንወቅሰው ሁለት መጥፎ ምርጫ ፊቱ ያስቀመጠውን አሠራር ነው እንጂ ተጨንቆ የመረጠውን ሰው አይደለም። ለራሳችን የጠየቅነውን ነፃነት ለወንድማችን መንፈግ አይገባንም።

እነዚያ ባልና ሚስት አልተመዘገቡም። ባለፈው ወር ደግሞ ቤት ቀየሩ፤ ልጆቻቸው አሁን ከእኛ መድረሳ ርቀዋል። ትልቁ ልጅ ዐመ ጁዝእን ሊጨርስ አራት ሱራ ቀርቶት ነበር። አላህ ባሉበት ያስጨርሰው፤ ለወላጆቹም የማይነቀሉበትን ቤት ይስጣቸው። እኛም "ሰብር አድርጉ" ካልናቸው በኋላ አብረናቸው እንድንጠይቅ አላህ ብርታቱን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!