በሻንጣው ውስጥ ምን አለ?



ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ሻንጣው ቢከፈት ብዙ ጉድ ይወጣዋል። በጋቢ የተጠቀለለ ጀበና፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለጉንፋን ተብሎ የተቋጠረ ፌጦ። የባዕድ አገር ፈታሽ ጀበናውን እያገላበጠ “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” ቢል አይፈረድበትም። ለእኛ ግን ያ ቋጠሮ የእናት ፍቅር ነው። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ በመኪና ተጉዞ፣ ከዚያም በአውሮፕላን በርሮ ልጅ እጅ ይገባል።

ይህ የአባቶች ልማድ ነው። በዘፍጥረት 43 ያዕቆብ በዚያ ክፉ ራብ እንኳ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ወደ ግብፅ አልሰደደም። ከአገሩ ፍሬ ጥቂት በለሳን፣ ጥቂት ማር፣ ለውዝም አስይዞ ላካቸው። ቀደም ሲል በዓይበታቸው አፍ የተገኘውንም ገንዘብ እንዲመልሱ አዘዘ። ያዕቆብ የጫነውን ሁሉም ያውቁታል፤ የተደበቀ ነገር የለውም።

በምዕራፍ 44 ግን ሌላ ጭነት እናያለን። የብሩ ጽዋ ብንያም ሳያውቅ በዓይበቱ ውስጥ ተቀመጠ። ወንድሞቹም ዓይበታቸውን ሳይፈትሹ፣ ጽዋው የተገኘበት ይሙት ብለው በአፋቸው ፈረዱ። ዮሴፍ ይህን ያደረገው ሊፈትናቸው ነበርና ነገሩ በዕርቅ አለቀ። ዛሬ በማናውቀው ዕቃ የሚያዝ መንገደኛ ግን ከፊቱ የሚቆመው ወንድሙ ዮሴፍ አይደለም።

እህቶችና ወንድሞች፣ እናስተውል። በአገራችን በግልጽ የሚሸጠው ጫት በእንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካና በሳዑዲ ዐረቢያም ያስጠይቃል። በሳዑዲ ዐረቢያ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል። “ሻይ ቅጠል ናት፣ አድርስልኝ” ተብሎ የተሰጠ እሽግ ውስጡ ሌላ ቢሆን፣ የሚጠየቀው ሻንጣው የተገኘበት ሰው ነው።

ምግባችንም ቢሆን ሕግ አለው። ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ አይገቡም። ወደ አሜሪካ ቋንጣ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ የያዙትን ምግብ ሁሉ በጉምሩክ ማስታወቅም ግዴታ ነው። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ስለዚህ ሽሮውና በርበሬው በሚጫነው ሻንጣ ቢሆን ይሻላል። “ምግብ ይዘሻል ወይ?” ስትባል “የለኝም” ብላ በርበሬ የምታሳልፍ እህት፣ ወጡ ቢጣፍጥም ምስክርነቷ ጨው ያጣል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የብዙ ቤት ጠብ በዚህ ይጀምራል። ባል በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ “ሁለት ኪሎ ብቻ ናት” ላለው ሁሉ “እሺ” ይላል። አንድ ሻንጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ነው። በመጨረሻ የሚወጣው የሚስት ልብስ፣ የልጆች ስጦታ ይሆናል። ሚስትም ይሉኝታ ይዟት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ግን ከሻንጣው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ አደራ ከመቀበላችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሻንጣውን አብራችሁ አሰናዱ። የተሰጣችሁን እሽግ በላኪው ፊት ክፈቱ፤ “አትክፈተው” ካለ በፍቅር መልሱለት። እምቢ ማለት ነውር አይደለም። ላኪዎችም ብንሆን ሳንጠየቅ ከፍተን እናሳይ፤ ወዳጃችንን በጥርጣሬ ጭንቀት አንሸኘው።

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እህት በቤታችሁ ካለች ይህን አጥብቃችሁ ንገሯት። ብዙ ጊዜ እንግዳነትና የዋህነት አብረው ይጓዛሉና፣ በአየር ማረፊያ የማታውቀው ሰው “ያዢልኝ” የሚላትን እንዳትቀበል። ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ዋስ አድርጎ ነበር፤ እኛም ልጆቻችንን ጸልየን ብቻ ሳይሆን መክረንም እንሸኝ።

የሻንጣችንም የልባችንም ጓዳ በብርሃን የሚከፈት ይሁን። ጌታ መግባታችሁንና መውጣታችሁን ይጠብቅ። አሜን።