«ድመት ናት እኮ» አንበል

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ፣ ምናልባትም የሚያስቅ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ፈገግ ብለን ነበር። ኋላ ግን አፈርን።

አል ኹዌር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ዓርብ ዕለት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ደመወዟ አልተከለከለም፤ ከአገር ቤትም ክፉ ወሬ አልደረሳትም። ያስለቀሳት የድመቷ ነገር ነበር። በአል ኹዌር መንገዶች የሚያልፍ ሁሉ እንደሚያየው በየቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ ድመት አይጠፋም። እሷም ከዚያው ያገኘቻትን ግልገል «ውሮ» ብላ ስም አውጥታ፣ ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች ስታሳድጋት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማዳም ታውቃለች። አልከለከለቻትም፤ ፈቅጃለሁም አላለቻትም። ቤተሰቡ የኸሪፍን ዝናብ ለማየት ወደ ሰላላ ሲሄድ ልጆቹን እንድትይዝ አብረው ወሰዷት። ሲመለሱ ድመቷ የለችም። ሾፌሩ ታዝዞ ባሕር ዳርቻ ጥሏታል። ብትጠይቅ ያገኘችው መልስ «ድመት ናት እኮ!» የሚል ብቻ ሆነ።

ማዳም ክፉ ሰው ናት አንልም። ነገሩን እንደ ጥፋት አልቆጠረችውም፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰው ቤት የምትኖር ሠራተኛ የምትተኛበት አልጋ የሰው ነው፤ የበሩ ቁልፍ የሰው ነው። እንደ እናት ሆና የምታሳድገው ሕፃን እንኳ ኮንትራቷ ሲያልቅ የምትለየው የሰው ልጅ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ «የእኔ» የምትላት፣ በቋንቋዋ ስትጠራት የምትመጣላት፣ ያቺ ድመት ብቻ ነበረች። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። ድሃው ሰው ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም አልነበረውም፤ ከጉርሻው እያካፈለ እንደ ልጁ አሳደጋት። ባለጠጋው ግን ብዙ መንጋ እያለው ያችኑ ወሰደበት። ዳዊት ሲሰማ እጅግ ተቆጣ እንጂ «ጠቦት ናት እኮ» አላለም።

የምንኖርበት ሕዝብም ለድመት እንግዳ አይደለም። ከነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች አንዱ ድመት ይወድ ስለነበር የሚታወቀው አቡ ሁረይራ፣ «የድመቷ ግልገል አባት» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። የውሻ ነገር ግን ይለያል። ብዙ ሙስሊሞች ምራቁን እንደ ርኩስ ስለሚቆጥሩት፣ እህቶቻችን ሳያስፈቅዱ ውሻ ወደ ቤት ማስገባት የለባቸውም።

እንግዲህ አሠሪዎች ምን ቢያደርጉ ይበጃል?

በመጀመሪያ፣ ከመነሻው ይነጋገሩ። እንስሳ ማሳደግ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? የት ታድራለች? ምግቧን ማን ይገዛል? ቤቱ የእነሱ ነውና እምቢ የማለት መብት አላቸው፤ በቤቱ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለም እምቢታው ተገቢ ነው። ነገር ግን «አይሆንም» የሚባለው በመጀመሪያው ሳምንት እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጤናን ያስቡ። ከተፈቀደ ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትውሰድ፤ በሽታው ድመትንም ይይዛልና። እንስሳ ከነከሳት ወይም ከቧጨራት፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥባ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላልና ነገ አይባልም። የድመት መጸዳጃ አሸዋም በየቀኑ በጓንት ይጠረግ። በውስጡ ሊኖር የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተውሳክ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ነፍሰ ጡር የሆነች ግን ይህን ሥራ ለሌላ ትተው።

ሦስተኛ፣ ጉዞ ሲኖር አስቀድመው ይንገሯት። የጎረቤት ሠራተኛ ወይም የቤቱ ዘበኛ በቀን አንድ ጊዜ ውኃና ምግብ ቢያስቀምጥ ምንም አይከብድም። ኮንትራት ሲያልቅም እንደዚሁ ነው። ድመቷን ለሌላ ሰው ለመስጠት ጊዜ ያስፈልጋል። ወደ አገር ቤት ይዞ ለመሄድ ደግሞ የክትባት ማስረጃ፣ የእንስሳት ሐኪም ወረቀትና የአየር መንገድ ክፍያ ስላለ ወራት ቀደም ብሎ ማሰብ ይገባል።

አራተኛ፣ የአሠሪው እንስሳ ሲሆን እንክብካቤው ሥራ ነው፤ እንደ ሥራም ይቆጠር። ኦማን ውስጥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት የበጋ ወራት ሜዳ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች ከቀኑ 6:30 እስከ 9:30 እንዲያርፉ ይደረጋል። ይህ ደንብ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ፀሐይዋ ግን ያችው ናት። በዚያ ሰዓት ውሻ ይዛ እንድትዞር መላክ እሷንም ያማል፣ የውሻውንም መዳፍ አስፋልቱ ያቃጥለዋል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 189 ስምምነት፣ በአሠሪ ቤት የሚኖሩ ሠራተኞች የግል ሕይወታቸው እንዲከበር ይጠይቃል። ስለ ድመት አያወራም። ነገር ግን የግል ሕይወት ማለት መዝጊያ ያለው ክፍል ብቻ ነውን? የሚወዱት ነገር መኖሩም የግል ሕይወት ነው ባዮች ነን። ስምምነቱን ባላጸደቀ አገር የሚኖር አሠሪም ቢሆን ይህን ሐሳብ ለመቀበል የሚከለክለው የለም።

ለእናንተም እህቶቻችን ጥቂት ቃል አለን። በድብቅ አታሳድጉ፤ የተደበቀ ነገር የተገኘ ዕለት ድመቷም እናንተም ትጎዳላችሁ። ከቤቱ ሥጋ ሳታስፈቅዱ አታብሏት። ማዳም ረጋ ብላ ሻይ በምትጠጣበት ሰዓት፣ ባላችሁ ዐረብኛ በግልጽ ጠይቁ። ይህን ጽሑፍም ብትተረጉሙላት ደስ ይለናል።

ያች እህታችን በዕረፍት ቀኗ ባሕር ዳርቻውን ስትዞር ውላ ድመቷን አላገኘቻትም። ማዳምን አልሰደበችም፤ ካሳም አልጠየቀችም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ «ቢነግሩኝ ኖሮ የምትኖርበት ቤት እፈልግላት ነበር።» እኛም ከአሠሪዎች የምንለምነው ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ ቀድመው ይንገሯት።

ቸር ይግጠመን።