ማን ምን አሳያቸው?

«ተማሪዎቻችን ዝንባሌያቸውን አያውቁም» አሉ በዚህ ሳምንት አንድ የትምህርት ኃላፊ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ። ተሰብሳቢው ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። እኔ ወሎ ካለችው ከመካነ ሰላም ከተማ በተመለስኩ ማግስት ስለነበር ንግግሩ አንጀቴን አሳረረው። ልጆቹ ባያውቁ፣ እንዲያውቁ ማን ምን አድርጎላቸዋል? ይህን የጠየቀ አንድም ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

መካነ ሰላም ላይ አንዲት ጠባብ ኮምፒዩተር ቤት አለች። ፎቶ ኮፒ ይነሣባታል፣ ማመልከቻ ይጻፍባታል፣ ጉርድ ፎቶ ይታተምባታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ይሞላባታል። ኔትወርክ መጣ ሲባል ልጆቹ ከየተከራዩበት ቤት እየሮጡ ይመጡና በሯ ላይ ይሰለፋሉ። አንዲት ልጅ ተራዋ ደርሶ ገባች። ቅጹን የሚሞላው ልጅ ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳይል «የትኛውን ላስቀድምልሽ?» አላት። «ሰው የሚሞላውን ሙላልኝ» አለችው። እሱም ሞላላት። ከፈለችና ወጣች። የዩኒቨርሲቲው ስም ሲመረጥ፣ ኋላ ልትገባበት የምትችለው የትምህርት ክፍልም አብሮ እየጠበበ እንደሚሄድ የነገራት የለም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አያስተምርም።

በር ላይ አግኝቼ አነጋገርኳት። ከገጠር ቀበሌ ነው የመጣችው። ከሁለት የክፍሏ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው አራቱን ዓመት የተማረችው። ስንቅ ሲያልቅ በእግሯ ቤቷ ትሄዳለች፤ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክማ ትመለሳለች። 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስን የመረጠችው አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ስለመረጡት ነው። ምን መሆን እንደምትፈልግ አልጠየቅኋትም፤ ያ ጥያቄ ልጆችን ዶክተር ወይም ኢንጂነር ከማሰኘት በቀር ሲያፈራ አላየሁም። የጠየቅኋት «ቤት ስትሄጂ ሰው አንቺን ብሎ የሚፈልግሽ ለምን ሥራ ነው?» ብዬ ነው።

«በግ ሲያምጥ» አለችኝ፣ ምንም ሳታስብ።

ከዚያማ ማን ያቁማት! ጠቦቱ አንድ እግሩን አስቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ ታጥፎ የቀረ እንደሆነ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጥ ጠብቃ ጠቦቱን ወደ ውስጥ መለስ ታደርገዋለች። የታጠፈውን እግር በጣቷ ፈልጋ፣ ሰኮናው እናቲቱን እንዳይቀድዳት በመዳፏ ሸፍና ታቀናዋለች። ጠቦቱ መጎተት ያለበት እናቲቱ ስታምጥ ብቻ እንደሆነ፣ ያለዚያ እንደምትጎዳ፣ እጇን እያሳየች አስረዳችኝ። ጎረቤት በሌሊት ሳይቀር ይቀሰቅሳታል። ይህን ያስተማራት የለም፤ እያየችና እየሞከረች ነው የደረሰችበት።

«ታዲያ የእንስሳት ሕክምና ብለሽ አስበሽ አታውቂም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ያንንማ እዚያው ሆኜም እሠራዋለሁ። የተማርኩት ከዚያ ልወጣ አይደል?»

ይህን መልስ ልናቀልለው አይገባም። አባቷ በግ እየሸጠ ያስተማራት ከበግ ኋላ እንድትቀር አይደለም። ለደጋው ገበሬ ትምህርት ቤት ልጁ ከጭቃው የምትወጣበት መንገድ ነው፤ መንገዱ ዞሮ ወደ በረት ከመለሳትማ ምኑን መንገድ ሆነ? የጎደላት ዝንባሌ አይደለም። ያ በእጇ ያለው ነገር ሌላ ቦታ፣ ሌላ ደረጃ ላይ ሲሠራ አላየችም። ያላዩት አገር አይናፍቅም። የአገራችን የእንስሳት ክትባት ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ ተቋም እንደሚመረት፣ የመላው አፍሪካን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እዚያው ከተማ እንደሚገኝ አልሰማችም። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን በሬውን ጨርሶ ሕዝቡን ያስራበው የከብት በሽታ፣ ደስታ የሚባለው፣ በ2003 ዓ.ም. ከምድር ላይ መጥፋቱ መታወጁን የነገራት መምህር የለም። የሰው ልጅ እስካሁን ከዓለም ጨርሶ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፈንጣጣ ነው፣ ሁለተኛው ይህ ነው። ያን ክፉ ቀን ያየ የወሎ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ የእንስሳት ሐኪም መሆንን እንደ ማነስ ከቆጠረች፣ ጥፋቱ ታሪኩን የደበቅንባት የእኛ የትልልቆቹ ነው።

የሰባ ሠላሳው የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነገር ሲነሣ እበሳጫለሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል፣ የልጆቹ ምርጫ ከኮታው በኋላ ነበር የሚታሰበው። ታሪክ የሚወድ ልጅ ሲቪል ምሕንድስና ገብቶ አምስት ዓመት ሲማረር አይቻለሁ። ዛሬም ኮታው ተረሳ እንጂ ልማዱ አልተረሳም፤ ልጁን የምንጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም በቅጽ።

ቀድሞ ግን ይህ አገር ልጅ ስጦታውን የሚያገኝበት ሥርዓት ነበረው። የዚያው የወሎ ቦረናና የሳይንት የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህር ወደ መምህር ይዞር ነበር። ቅኔ ያማረው ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ዋሸራ ይሄዳል፤ ወይም ወደ ሰሜን ዋድላ ያቀናል። ድጓውን ሊያስመሰክር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ዙር አባ፣ ቅዳሴ ሊያጠና ሰለልኩላ ይወርዳል። ዜማ እምቢ ያለው ቅኔ ይቀናዋል፤ ቅኔ የከበደው በትርጓሜ መጻሕፍት ይበራለታል። ማንም «አንተ ሰነፍ ነህ» ብሎ አላሰናበተውም፤ ሌላ ጉባኤ ቤት ነበረለት። የእስልምና ተማሪው ደረሳም እንዲሁ ነው። ፊቅህ ከአንዱ ሼህ ዘንድ ይቀራል፤ ነሕው የሚያውቅ ሌላ ሼህ አለ ሲባል ኪታቡን ይዞ ይነሣል፤ ለተፍሲር ደግሞ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ዳናና ጌታን የመሰሉ የወሎ የትምህርት ማዕከላት ከሩቅ በመጡ ደረሳዎች የተሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። ረሃቡ፣ ውሻው፣ ብርዱ ከባድ ነበር፤ በሩም ለሴት ልጅ ያን ያህል የተከፈተ አልነበረም። ያን መከራ ልመልስ እያልኩ አይደለም። ልጅ ሙያውን የሚያገኘው በሙያው የበሰለ ሰው እግር ሥር ተቀምጦ፣ ሞክሮ፣ አልሆነልኝም ካለም ተነሥቶ ወደ ሌላው ሄዶ መሆኑን ግን አያቶቻችን በሁለቱም ሃይማኖት ያውቁ ነበር። እኛ ይህን ትተን ልጁን 12 ዓመት አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ከዚያም ዝንባሌህን አታውቅም ብለን ወቀስነው።

ዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን አንድ ጊዜ ወደዚህ ቀርቦ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ይልካቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። የገጠሩ ከተማ ተማሪ ሕግ የሚያጠና፣ ጂኦሎጂ የሚያጠና፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው በዓይኑ ያይ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብሎ ሊጠይቀው ይችል ነበር። ዛሬ የደጋው ልጅ በቅርብ የሚያያቸው ደመወዝተኞች መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ ፖሊሱና የወረዳው ጸሐፊ ናቸው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ወሬ ነው።

«መጀመሪያ ይለፉ፣ ዝንባሌው ኋላ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛወረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶው ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆነው አላለፈም። የተወሰኑት በሪሜዲያል (በማካካሻ) ትምህርት ሌላ ዕድል አግኝተዋል፤ የቀሩት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ምክር የሚገባው ላለፈው ከሆነ፣ የምንመክረው ምክሩ እምብዛም የማያስፈልገውን ነው። ከዚህ በላይ ለእነዚህ ሰዎች የምመልሰው የለኝም።

ያቺ የመካነ ሰላሟ ልጅ ስትለየኝ የነገረችኝ ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣም። የቤት ኪራዩን የምትከፍልላት ሪያድ ያለች እኅቷ ናት። እኅቷ ከመሄዷ በፊት ደላላው ቤታቸው መጥቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ስንት ወር እንደምትቆይ፣ በወር ስንት ሪያል እንደምታገኝ፣ ከመንደሩ እነማን እንደሄዱና ምን እንደገነቡ፣ ፓስፖርቱ ስንት እንደሚያስወጣ ለእናትና አባቷ አንድ በአንድ አስረድቷል። የዋሻቸው ነገር ብዙ ነው። ግን መጥቷል፤ ተቀምጧል፤ የተጠየቀውን መልሷል። በከላላ፣ በለጋምቦ፣ በቦረና ወረዳዎች ስንት ቤት ልጃገረዶቹ እንዲህ ሄዱ! ወንዶቹም በጅቡቲ በረሃ አድርገው ኦቦክ ይወርዱና በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ባሕሩ ያስቀራቸው ብዙ ናቸው። በዚህ ደጋ ላይ 16 ዓመት የሞላትን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ ስለ ሥራ የሚያነጋግር አንድ ሰው ቢኖር ደላላው ነው። ትምህርት ቤቱ አይሄድም። ዩኒቨርሲቲውም አይሄድም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መንገዱም እንደ ልብ አያስኬድም። ይህን ሳልረሳ ነው የምናገረው። ቢሆንም እዚያው ሰፈር ውስጥ ሊሠራ የሚችል አለ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ነው። ላቦራቶሪው ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ቢከፈት፣ መምህሩ ማይክሮስኮፕ ሥር የበግ ሰገራ አድርጎ የጥገኛ ትል እንቁላል ቢያሳያቸው፣ ያቺን የመሰሉ ስንት ልጆች ይነቁ ነበር! ደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው፣ ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ የምኒልክ ድኩላው እዚያ ነው ያለው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም አይገኝም፤ ጠቅላላ ቁጥሩም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። የሱን ዱካ ተከትሎ የሚመዘግብ ጠባቂ ተማሪዎችን አንድ ቀን አስከትሎ ቢያዞር ማን ይከለክለዋል? ከሳዑዲ የተመለሱት ሴቶችስ? ስለ ኮንትራቱ፣ ስለ ተከለከለ ደመወዝ፣ ስለ ተሳካላቸውም ጭምር፣ ክፍል ውስጥ ገብተው እንዲናገሩ ርእሰ መምህሩ ቢጋብዛቸው ከደላላው የተሻለ እውነት ይናገራሉ። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያም ሁለት ሦስት ልጆችን በክትባት ሰሞን ይዞ መውጣት አያቅተውም፤ ወርሐዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነም ሳያፍር ይንገራቸው፤ ደላላው የሚነግራቸው ይህንኑ ነውና።

ለዚህ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም፤ የካምፓሱ፣ የፓርኩና የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ይበቃል። ከታኅሣሥ በፊት ከጀመሩት፣ የዘንድሮ 9ኛ ክፍሎች 11ኛ ገብተው የትምህርት ዘርፍ እስኪመርጡ ድረስ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አላቸው።