«ጊታር የኛ አይደለም» ያለው ማነው?

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን እንደማያስደስት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልበለው። ሥራዬ ኦቬድ ሶሺያሊ ነው፣ ቤት ለቤት እዞራለሁ። በየቤቱ የምሰማው አንድ አነጋገር ሰልችቶኛል፦ «እኔ ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጥኩት ልጄ አዝማሪ እንዲሆን ነው?» ልጁ በሩን ዘግቶ ጊታሩን ይነካካል፣ አባት ሳሎን ተቀምጦ ለእኔ ያማርራል።

ይህን የምጽፈው የጊሊ ያሎን ኮንሰርት ቆሜ ከሰማሁ በኋላ ነው። ለማታውቁት፦ እንደ ብዙዎቻችን በሕፃንነቱ በሱዳን በኩል የመጣ ልጅ ነው። መጀመሪያ የሚዘፍነው ዝቩሉን ዳብ ሲስተም ከሚባል ባንድ ጋር ነበር። ባንዱን በ2006 ቴል አቪቭ ውስጥ ያቋቋሙት አሳፍና ኢላን ስሚላን የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የኛ ሰዎች አይደሉም፤ ግን በ2014 «አንበሳ ዳብ» በተባለው አልበማቸው የኢትዮጵያን ዘፈኖች በሬጌ ሠሩ፣ ማሕሙድ አሕመድ ራሱ አብሯቸው ዘፈነ። ጊሊ ከዚያ ወጥቶ በ2017 በራሱ ስም አልበም አወጣ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ልጆቹ «ኢንዲ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ትልቅ ኩባንያ ከኋላው ሳይኖር፣ ዋናው እንጀራው መድረክ የሆነ።

የተቀዳውን መኪና ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ደህና ነው፤ ግን ስልክ ሲደወል የሚረሳ ዓይነት። መድረኩ ሌላ ነገር ነው። ቤዙና ድራሙ መጀመሪያ ደረት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ቅኝቱን ሲይዙት፣ ጎንደር ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፣ መብራቱ ብቻ ሌላ ነው። የጭክጭካው ምት ሲመጣ ትከሻዬ እኔን ሳያስፈቅድ ተነሣ። ዙሪያዬን ሳይ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን በአማርኛ አብረው ይዘፍናሉ። እናታቸው በአማርኛ ስትጠራቸው በዕብራይስጥ «ማ?» የሚሉት እነዚያው ልጆች! እኛ በስንት ፕሮጀክት፣ በስንት የማትናስ ስብሰባ ያላመጣነውን አማርኛ፣ እዚያ ማንም ሳያስገድዳቸው በአፋቸው ሞልቶት ነበር። ቃሉን ሁሉ ይረዱታል ማለቴ አይደለም። ግማሹን አይረዱትም። ታዲያ ማን ይተርጉምላቸው?

«ጩኸት ነው» ትላላችሁ። አዎ፣ ይጮኻል። ግን እኔ የኛ ሰርግ ላይ ካለው ስፒከር የባሰ ድምፅ እስካሁን የትም አልሰማሁም፤ እዚያ ደግሞ ሕፃናት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ይበላሉ። «ይጠጣል» ትላላችሁ። ሰርጋችንን ደግሜ ባላነሣው ይሻላል።

የአዝማሪው ነገር ግን ያናድደኛል። አገር ቤት አዝማሪ ሳይመጣ ሰርግ አይደምቅም ነበር፤ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለት ነበር፤ ልጃችንን ሲጠይቅ ግን «ዘሩ ምንድነው?» እንል ነበር። ይህን ንቀት ከሻንጣችን ጋር ይዘነው መጥተን በልጆቻችን ላይ እናወርደዋለን። ሥራችንን የሚንቅ ሰው እዚህ አገር ጠፍቶ ነው?

ጊታርና ትራምፔት የፈረንጅ ነው የምትሉም፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም መጥተው ነበር። በአርመኖች ገዳም የነበሩ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደዷቸው፣ ወደ አዲስ አበባም ወሰዷቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሱ። እንግዲህ በሬድዮ እየሰማችሁ ያደጋችሁበት የአዲስ አበባ ሙዚቃ አንዱ ሥሩ ከዚህ፣ ከኢየሩሳሌም የሄደ ነው። አሁን የኛ ልጆች መልሰው ሲያመጡት «የኛ አይደለም» ይባላሉ።

ደግሞ ገንዘቡ። ከአዲስ አበባ ዘፋኝ ሲመጣ አዳራሽ እንሞላለን፣ የፊት ወንበር እንጣላበታለን። የራሳችን ልጅ ሲጫወት ግን «በነጻ ያስገባን የለም ወይ?» እንላለን። ከዚያ ለባህል ቀን ኢሪያው ሩብ ሰዓት እስክስታና አንድ ስኒ ቡና ሲሰጠን ተከበርን ብለን ወደ ቤት እንመለሳለን። እኔ ያየሁት መድረክ የባህል ቀን አልነበረም። ነጩም ጥቁሩም ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ሙዚቃውን ፈልጎ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ልጃችሁ ማትናስ ጊታር ልማር ሲል ከባግሩት በኋላ አትበሉት፤ ከባግሩት ጋር ይሂድ። የሚዘፍነውን ግጥም ትርጉሙን ንገሩት፣ ባይጠይቅም። እናም አንድ ጊዜ አብራችሁት ሂዱ። ትኬቱ በስልክ ስለሚገዛ ለእናንተ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ለዚያ እንኳ መነጋገራችሁ አይቀርም። ለጆሯችሁ ጥጥ ያዙ።