ድሪቶ ለጀግና

በአገራችን «ድሪቶ ለባሽ» መባል ስድብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ድሪቶ ክብር ላጫውታችሁ ነው።

የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። አባቴ አዲስ አበባ በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር መኪና ሲሰፉ፣ ደንበኛው ሁሉ የሱሪውን ቁመት እንጂ የሰፊውን ታሪክ አይጠይቅም ነበር። አባቴ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮርያ ገብቶ፣ እየተተካካ፣ ተኩስ እስከቆመበት እስከ 1953 ተዋጋ። ከ120 በላይ ወገኖቻችን ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም የተማረከ የለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ንጉሡ ወርደው፣ ደርግም ኋላ ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ፣ ኮርያ መዝመት የማይወራ ነገር ሆነ። አባቴ ሜዳሊያቸውን በመኪናው መሳቢያ፣ ከክር ጥቅልሎች ሥር ደበቁት። ያገኘነው ከቀብራቸው በኋላ ነው። እኔ ልጃቸው እንኳ አንድ ቀን «አባባ፣ እናመሰግናለን» አላልኳቸውም።

እዚህ አሜሪካ፣ ልጇ ኢራቅ የዘመተባት አንዲት እናት እ.ኤ.አ. በ2003 «ክዊልትስ ኦፍ ቫለር» የሚባል ማኅበር መሠረተች። ሥራው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ሰፍቶ ለዘማች መሸለም ነው። እስካሁን ከ300,000 በላይ ተሸልሟል። ላዩ የተጣጣፈ ጨርቅ፣ መካከሉ እንደ ባዘቶ ያለ፣ ሥሩ ገበር። እኛ ድሪቶ የምንለውን እነርሱ የጀግና መሸለሚያ አደረጉት።

እኔም የአባቴን የመሰለች አሮጌ ሲንጀር ከጋራዥ ሽያጭ ገዛሁ። የቆዳ ቀበቶዋን ቀየርኩ፣ ዘይት አጠጣኋት፤ ያለ መብራት ትሠራለች። ከፌርፋክስ ሱቆች የተረፈ ጥለት ለምኜ የመጀመሪያውን ሰፋሁ። ከጀርባው ስም ጽፌ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ለሚኖሩ፣ ዘጠናን ላለፉ የአባቴ የጦር ጓደኛ ወሰድኩላቸው።

«ምነው ልጄ፣ በስተርጅና ድሪቶ ታለብሺኝ?» ብለው ሳቁ። ገልብጠው ስማቸውን ሲያነቡ ግን ዝም አሉ። ቆይተው፣ «የሻለቃዬንም ቁጥር ጨምሪበት» አሉኝ።

ከፌርፋክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ከተባለችው ሠፈራችን፣ በኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲነዱ ኮርያ ታውን ይደረሳል። ያን ሁሉ ሱቅና ንግድ ባየሁ ቁጥር «የአባቴም ላብ አለበት» እላለሁ። ኮርያውያን ቹንቾን ከተማ ላይ ለቃኘው ሐውልት አቁመዋል። እኛስ?

ወገኖቼ፣ በሕይወት የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ያረጀ ነጠላ ያላችሁ ጥለቱን አትጣሉት። ዘማች አባት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የሻለቃቸውን ቁጥር ጻፉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ። እኔ ለአባቴ ዘግይቻለሁ።