ሟርት ወይስ ስንቅ?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አዲስ አበባ ተናወጠች። የንውጥውጡ መነሻ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ፣ በአፋር ክልል፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ነበር፤ መጠኑም 5.7 ገደማ። በየኮንዶሚኒየሙ አልጋው የተንቀሳቀሰበት ሰው ሁሉ ነቃ። አንዱ ሕፃኑን አቅፎ በጨለማ ደረጃውን ወረደ፤ ሌላው በረንዳ ላይ ቆሞ ጎረቤቱን «ተሰማህ?» አለ፤ ሦስተኛው አልጋው ላይ እንደ ተቀመጠ ማማተብ ጀመረ። ለአንዱም ቢሆን ምን ማድረግ እንደሚገባው ቀደም ብሎ የነገረው አልነበረም። በእንዲህ ያለ ሌሊት ማግስት ሁልጊዜ የሚሰማው ቃል ግን ፈጥኖ ተሰማ፤ «አትደናገጡ»።

ይህ ቃል በበጎ ፈቃድ የሚነገር መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁንና ለልብ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ለእጅ ሥራ አይሰጥም። የት ይቆማል? ምን ይዘጋል? ልጅ ይዞ ደረጃ መውረድ ይሻላል ወይስ ጠረጴዛ ሥር መግባት? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ «አትደናገጡ» የተባለ ሰው ድንጋጤውን አይተውም፤ ይደብቀዋል። የተደበቀ ፍርሃት ደግሞ ሌላ መጋቢ ይፈልጋል። «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ከባዱ ይመጣል» የሚለው፣ ምንጩ የማይታወቅ የስልክ መልእክት ቤተሰብን ሁሉ ከእንቅልፍ የሚነሣው ስለዚህ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ በዓለም ላይ የለም። የሚታወቀው ቦታው ነው፤ እርሱም ከታወቀ ቆይቷል። በ1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ1961 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሰርዶ ፈርሳለች። ፒየር ጉዋን የተባሉት ኢየሱሳዊ የሥነ ምድር ሊቅ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመውታል። ስለዚህ በታኅሣሡ ሌሊት አዲስ ነገር ቢኖር መዘንጋቱ ብቻ ነበር።

ለምን ተዘነጋ? ቢሉ፣ አንዱ ምክንያት «ሟርት» የተባለው ፍርሃት ነው። በእራት ገበታ ዙሪያ «ቤቱ ቢነቃነቅ ልጆቹን የሚይዝ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አባት ወዲያው «ኧረ አታሟርት!» ይባላል። ክፉን ቃል ያወጣ ክፉን ይጠራል የሚለው እምነት በምሁሩም በነጋዴውም ቤት አለ፤ በመሥሪያ ቤትም ሲሆን «ሕዝብን ማሸበር» የሚል ዘመናዊ ካባ ይደርብና ይቀጥላል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለቱም አደጋን የሚያመጣው መናገሩ ነው ብለው ያስባሉ።

እንዲህ የሚለው ሰው ግን በየወሩ መጨረሻ ምን ያደርጋል? የእድር መዋጮውን ይከፍላል። እድር ምንድን ነው? ሞት እንደሚመጣ በጽሑፍ የታመነበት፣ በመዝገብ የተያዘ፣ በደረሰኝ የሚከፈልበት ዝግጅት ነው። ድንኳኑ ተገዝቶ ተቀምጧል፤ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ማን እንዳረጀ፣ ማን ጧሪ እንደሌለው ዳኛውና ጸሐፊው ያውቃሉ። ሲሆንም ጡሩምባ ነፊው በአንድ ሌሊት ሰፈሩን ሁሉ ይሰበስባል። ይህን ማንም ሟርት ብሎት አያውቅም። ጥበብ ነው ይባላል፤ በእርግጥም ጥበብ ነው። እንግዲህ ለቀብሩ ይህን ያህል የተደራጀ ሰፈር፣ ሟቹ ሳይሞት በፊት ሊደረግ ስለሚችለው ነገር አንድም ቀን አለመምከሩ እንዴት ይታያል?

ባህሉስ ቢሆን የሚለው ሌላ ነው። የእህል ጉድጓድና ጎተራ ለምን ተሠሩ? በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ ለምን ተፈለሰፉ? ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ሳይበስል የሚበላ፣ በመንገድ የሚያዝ ምግብ ክፉ ቀንን ያሰበ ሰው ሥራ ነው። ስንቅ የቋጠረች እናት ልጇ እንዲራብ አላሟረተችበትም። ዛሬ በውጭ አገር የአደጋ ጊዜ ሻንጣ ተብሎ የሚሸጠውን ነገር ግማሹን የቀድሞ ነጋዴ በአቅማዳው ይዞት ይሄድ ነበር። መጥኖ መደቆስ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የሚያሳየው ጎፋ ነው። በሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ሲነጋ ጎረቤቱ ሁሉ በዶማና በእጁ አፈሩን ሊምስ ወጣ። ከዚያም ተራራው ዳግመኛ ተናደ፤ ለማዳን የወጡትንም ቀበረ። የሞቱት ከሁለት መቶ በላይ ሆኑ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ ያልተነኩ ነበሩ። በዚህ ላይ ተጎጂውን መውቀስ ነውር ነው። እነዚያ ሰዎች ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ሁሉ አድርገዋል። የሚወቀሰው፣ በተራራ ሥር ለሚኖር ገበሬ አንድ ጊዜ የተናደ እርጥብ ገደል እንደገና ሊናድ እንደሚችል፣ ሲቆፈር ከላይ የሚጠብቅና የሚጮኽ ሰው ማቆም እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሥሩ መግባት እንደሌለበት ሳያስተምር የቀረው ሁሉ ነው። በኡጋንዳ የኤልጎን ተራራ ተዳፋት ላይ ቡዱዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ስትቀበር፣ በ2018ም እንደገና ስትመታ ይህ ክፍለ አህጉር ትምህርቱን በነጻ አግኝቶት ነበር።

የማስጠንቀቂያን ዋጋ የሚጠራጠር ካለ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004ን ያስታውስ። ከሱማትራ የተነሣው የባሕር ማዕበል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። በሶማሊያ፣ በተለይም በሐፉን፣ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። በኬንያ ግን ዜናው ቀድሞ ስለ ደረሰ ባለሥልጣናቱ የባሕር ዳርቻዎቹን አስለቀቁ፤ የሞተው አንድ ሰው ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ማስጠንቀቂያው ፈጠረው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ማዕበሉ በሐፉን ላይ ይበልጥ በርትቷል፣ ሶማሊያም በዚያን ጊዜ የጸና ማዕከላዊ መንግሥት አልነበራትም። ሆኖም የሞምባሳ ሕዝብ ከዳርቻው ሲባረር «ተሸበርኩ» ብሎ የሞተ አንድም ሰው የለም። በድሬዳዋስ? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ ሰው በላይ ሲወስድ ዝናቡ የጣለው ከላይ ካለው ደጋ ነበር። ውኃው ከደጋው ወርዶ ከተማው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ያን ጊዜ ወደ ጩኸት የሚለውጥ ሰው ነው የታጣው።

«ይህ ሁሉ የባለጸጋ ወሬ ነው፤ የዛሬ እራቱን ያላገኘ ሰው ስለ መንቀጥቀጥ አያስብም» የሚል መልስ ይመጣል። ክብደት ያለው መልስ ነውና መዝለል አይገባም። ግን ደግሞ በአዲስ አበባ ጀሪካንና በርሜል የሌለበት ቤት የት አለ? ውኃ በፈረቃ የሚመጣባት ከተማ ነዋሪ ሳያውቀው ግማሹን ተዘጋጅቷል። የቀረው ወጪ የለውም፤ ቁም ሣጥኑን ከልጁ አልጋ ራስጌ ማንሣት፣ የቡታጋዙን መዝጊያ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲያውቀው ማድረግ፣ የልደት ካርድና የቤት ካርታን በአንድ ፌስታል ማሰር፣ ስልክ ቢቋረጥ የት እንደሚገናኙ መስማማት። ይህን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጨረሰች እናት ሌሊቱን ከምትሰማው ወሬ ይልቅ በእጇ የሠራችውን ታምናለች። ለተጨነቀ ሰው ከዚህ የሚሻል ማረጋጊያ እምብዛም አይገኝም።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ተንኮል አለ። ዝግጅት የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲሰበክ ተጠያቂው ያመልጣል። ብረቱ ተቀንሶ ሲሚንቶው ተመጥኖ የቆመውን ሕንፃ በአንድ ፌስታል ሰነድ ማቆም አይቻልም። ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ደንብ ካወጣች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቆይታለች፤ ደንቡ በመደርደሪያ ላይ ሳለ ግን ግድግዳን አይደግፍም። የደረጃው መግቢያ በሌሊት በሰንሰለት የሚቆለፍበት፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ከውስጥ የማይከፈትበት ሕንፃ ነዋሪ «ተረጋጋ» ሲባል ቢቆጣ ትክክል ነው። ቁጣው የሚገባውም ወደ መንቀጥቀጡ አይደለም፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ወደሚያውቀው ሰው ነው።

ከውጭ የተገለበጠ ምክርም እንዲሁ መመርመር አለበት። በጃፓን ሕንፃ ውስጥ «ጎንበስ በል፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግባ፣ እግሩን ያዝ» የሚለው መመሪያ በአዲስ አበባም ባለ ብዙ ፎቅ ውስጥ ይሠራል፤ በመንቀጥቀጡ መሐል ደረጃ ላይ መሮጥና ሊፍት መግባት ብዙ ጊዜ የባሰ ነው። በድንጋይና በጭቃ በተሠራ ምድር ቤት፣ በሩ አጠገብ ላለና ደጁ ሜዳ ለሆነለት ሰው ግን ከከባዱ ጣሪያ ሥር መውጣት ሊሻል ይችላል። አንድ ወረቀት አባዝቶ ለሁሉም መበተን ሥራን አቃሎ ማሳየት ነው። የትኛው ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ከላይ የተቀመጠው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ያው እድሩ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። ምድሪቱ ሥራዋን እንዳላቆመች ከዚህ የበለጠ ምልክት አያስፈልግም። በሚመጣው ወር የእድር ስብሰባ ላይ፣ መዋጮው ተሰብስቦ የቀሪዎቹ ስም ከተነበበ በኋላ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ በእግሯ መውረድ የማትችለውን የአራተኛ ፎቅ አሮጊት ማን ይሸከማል? የግቢው በር ቁልፍ ሌሊት የት ያድራል? ጡሩምባውስ ሰው ከመሞቱ በፊት እንዲነፋ ደንቡ ይፈቅዳል ወይ?